አበባ አምሮኝ ቀረ

ትናንት የእህቴ ሠርግ ነበር፤ እዚሁ ጅማ። ዲኮር ሠሪዎቹ አዳራሹን በፕላስቲክ አበባ ሞሉት። ጽጌረዳው ፕላስቲክ። ቅጠሉ ፕላስቲክ። እህቴ የያዘችው እቅፍ እንኳ ፕላስቲክ! ጠጋ ብዬ ባሸተው አቧራ ሸተተኝ። ስንት ሠርግ ዞሮ ይሆን የመጣው? «ፋሽኑ ነው፤ ፎቶ ላይ አይለይም» አሉኝ። ሠርጉ ለፎቶ ነው እንዴ?

ኢትዮጵያ እኮ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ላኪ ናት። የዝዋይ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ሆላንድ ይደርሳል። ጅማ መድረስ እንዴት ያቅተዋል? እሱም ይቅር፤ ዝናብ ጠብ ሲል ቡናችን ነጭ ለብሶ መንደሩን በመዓዛው በሚያውድበት አገር፣ አንድ የሚሸት ነገር ይጥፋ?

ቄጤማው ደግሞ! እናቴ የምትጎዘጉዘው እርጥብ ቄጤማ ቀርቶ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር አነጠፉልን። ቄጤማም ፕላስቲክ?