«ቤቱ ይረፍ» ያስተኛው ሰው

ሰሞኑን እዚሁ ደሴ በተካሄደ አንድ የጤና ውይይት ላይ፣ በስትሮክ የተመታ ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ምን እንደሚደረግለት ተጠየቀ። ከመድረክ የተሰጠው መልስ አናዶኛል። «የደሴን ዳገት ታውቁታላችሁ። ይህ ሰው ወጥቶ የት ሊደርስ ነው? ቤቱ ይረፍ፤ ቤተሰቡ ያስታመው» ተባለ። አዳራሹም ራሱን ነቀነቀ።

ዳገቱን እዚህ ምን አመጣው? የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ግቡ። እዚያ ሜዳ ነው። ታዲያ የኮምቦልቻው ታማሚ ጠዋት ጠዋት ሲራመድ አያችሁት? እሱም አልጋው ላይ ነው። ያስተኛው ይኸው «ይረፍ» የሚል ቃል ነው። ፒያሳ ድረስ ውጣ ያለው ሰው የለም። ከአልጋ ወደ ወንበር ዳገት የለውም። ከወንበር እስከ በሩ ዳገት የለውም።

ስትሮክ ማለት የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ይሞታል፤ የሞተውም አይመለስም። የተረፈው ግን የሞተውን ሥራ ሊማር ይችላል፤ የሚማረውም በመደጋገም ነው። እጅ ኩባያ ካልያዘ፣ አንጎል መያዝን ከየት ይማራል? ለውጡ ፈጥኖ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አካባቢ ነው። እኛ እነዚያን ወራት ሰውዬውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን እንጨርሳቸዋለን።

ቤታችንን እንየው። አባባ ከሆስፒታል ወጡ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይመጣል፤ «አብሽሩ» ይላል፤ ዱዓ ያደርጋል። ይህ ደግ ነው። ከዚያ ግን አንዷ ልጅ ታጎርሳቸዋለች፣ ሌላው ያለብሳቸዋል፣ ፊታቸውን ሳይቀር ሰው ያጥብላቸዋል። ሊነሡ ሲሉ «ኧረ እንዳይነሡ!» ነው። ወጌሻ ይጠራና የዛለውን ክንድ ይጎትታል። የዛለ ጡንቻ ትከሻን አጥብቆ አይዝም። ሲጎተት መገጣጠሚያው ይላላል፤ ሕመሙም አብሯቸው ይከርማል። ተኝቶ መክረም ደግሞ የአልጋ ቁስል፣ የሳንባ ምችና የእግር ደም መርጋት ያመጣል። ከስትሮክ ከተረፉት ሲሶ ያህሉን ድብርት ይይዛቸዋል። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያዩ የሚውሉትን አባት «አሁንማ ተረጋጉ» እንላለን። ይህን ነው እረፍት የምትሉት?

በፍቅራችን እየጎዳናቸው ነው ስል የሚቆጣ ይቆጣ። ለእማማ ምስር መልቀሙን ስጧቸው። ቡና ሲፈላ ባዶ ስኒውን በዚያው በደከመው እጃቸው ይደርድሩ፤ ከተሰበረም ይሰበር። ለሰላት ውዱ ሲያደርጉ ሰው አጠገባቸው ይቁም እንጂ ክንዳቸውን ራሳቸው ይጠቡ። የሸሚዝ ቁልፍ ግማሽ ሰዓት ይፍጅ። ይህን ሁሉ ከእጃቸው ነጥቀን ስናበቃ «አልተሻላቸውም» ማለት ግፍ ነው።

የፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የዛለ አካልን በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ እንደልብ አይገኝም፤ እሺ። የደሴ ሆስፒታል በ2014 በጦርነቱ መዘረፉንም አልረሳሁም። እኔ የምጠይቀው ግን ማሽን አይደለም። ታማሚው ገና ሳይወጣ አንድ ባለሙያ ቤተሰቡን አስጠርቶ ያሳያቸው። እንዴት እንደሚያስነሡት፣ የዛለውን ክንድ ክብደት በምን እንደሚደግፉ፣ ሲበላና ሲጠጣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ እንዳለበት ይንገራቸው። የግፊት መድኃኒቱን «ደኅና ነኝ» ብሎ እንዳያቋርጥም ያስጠንቅቃቸው፤ ያቋረጠውን ሰው ስትሮክ ዳግም ሊመታው ይችላል። ይህን ለማሳየት አንድ ከሰዓት ይበቃል፤ አዲስ ሕንፃም አያስፈልገውም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም በየቤቱ ስትዞር ግፊቱን ትለካ፤ ዛሬ ስንቴ ከአልጋው እንደተነሣም ትጠይቅ።