ስለ «ዋዛ» ትርጉም

አንድ ጸሐፊ «ዋዛ» የሚለውን ቃል ከፌዝና ከቧልት ጋር አንድ አድርገው መተርጎማቸው፣ ቃሉን በመንዝ እየሰማሁ ላደግሁት ለእኔ ግማሹን ብቻ የያዘ ይመስለኛል። ፌዝ ምንጊዜም የሚነካው ሰው አለው፤ ዋዛ ግን ማንንም ሳይወጋ ነገሩን የሚያቀል ጨዋታ ሲሆን፣ አያቴ የጓሳ ተራራ ጉም ገደሉን ሲሞላው «ተራራው ጋቢውን ደረበ» ይሉ የነበረው ዓይነት ነው። «ዋዛ ፈዛዛ» ሲባል ፍሬ የሌለው ወሬ ማለት መሆኑን አልክድም። ይሁንና «እንደ ዋዛ ጀመርሁት» ስንል ብዙ ሳላስብበት፣ «የዋዛ ሰው አይደለም» ስንል ደግሞ በቀላሉ የማይታይ ማለታችን ስለሆነ፣ ቃሉ ከሳቅ ይልቅ ወደ ቅለት እንደሚያደላ ቢያክሉበት መልካም ነበር።