ፈተና ላይ የማይመጣ ታሪክ

ለታሪክ አስተማማራችን ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። ዓላማው ተማሪው ማስረጃ እንዲመረምር፣ ምክንያትና ውጤት እንዲያገናዝብ ነው ይባላል። ደግነቱ ዓላማ የሚያነብ የለም። ከሾርት ኖት ቀጥታ ወደ ምርጫ ጥያቄ!

የባሕር ዳር ልጅ የበርሊንን ጉባኤ ዓመት ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ያንበለብለዋል። ዓድዋንማ ሁለት ጊዜ ያውቃታል፦ እቤት 1888፣ ክፍል ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር 1896። ምርጫው ላይ ሁለቱም የመጡ ቀን ላብ በላብ ነው።

ጢስ ዓባይ አጠገብ የአላታ ድልድይ አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ሰው ግን «የፖርቹጋል ድልድይ» ይለዋል። አንድ ነገረኛ ተማሪ ተነስቶ «ንጉሡ የኛ፣ ወንዙ የኛ፤ ፖርቹጋል ከየት መጣች? በምንስ እናውቃለን?» ቢልስ? የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን መምጣት፣ የንጉሡ ካቶሊክ መሆን፣ የሕዝቡ ቁጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል መልቀቃቸው፣ ሁሉም ተጎልጉሎ ሊወጣ ነው። አንድ ሙሉ ፔሬድ ሊበላ! መምህሩ ግን መድኃኒቱን ያውቃሉ፤ «ፈተና ላይ አይመጣም»። ልጁም ቁጭ ይላል።

ዳጋ እስጢፋኖስ የተባለው የደሴት ገዳምም አይመጣም። የእነ አፄ ዘርዓ ያዕቆብና የእነ ፋሲል አጽም የሚገኘው እዚሁ ጣና ላይ ነው። ተማሪያችን ፋሲልን ከጎንደር ግንብ ጋር አዛምዶ አንድ ማርክ ካገኘ፣ ንጉሡ የት እንዳረፉ ምን አገባው? (ሴት ተማሪዎች ደሴቱን መርገጥ አይፈቀድላቸውም። ለምን? እሱም አይመጣም።)

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጣሊያን የጦር ካሳ መቆሙም እንደዚያው። «ማይጨው፣ 1928» ብሎ የሸመደደ ልጅ በአጥሩ ሥር ያልፋል። ጦርነቱንና አጥሩን አገናኝ ማለት ልጅን ማስጨነቅ ነው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ የሚታየው ልጆቹ ሲያድጉ ነው። ሐይቁ ዳር ቡና ይዘው ስለ ታሪክ ይከራከራሉ። አንዱ ቲክቶክ ላይ ያየውን፣ ሌላው ከአጎቱ የሰማውን ያመጣል። «በምን አወቅህ?» የሚል ባለጌ ስለሌለ ወጉ አይቋረጥም፤ ድምፁ የጎላው ያሸንፋል። ምን ዓይነት ሰላም ነው!

አንድ መምህር ግን ልጆቹን አላታ ድረስ ወስዶ «ማን ሠራው? ማስረጃችሁስ?» እያለ ሲያደርቃቸው ዋለ አሉ። ሲመለስ ፖርሽን ለምን እንዳልሸፈነ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ታዘዘ። ደግ አደረጉት። ማስረጃ ከወደደ ከራሱ ይጀምራ!