መጪው ፕሌይስቴሽን የታሰሩትን ጌሞች ይፍታልን

የሶኒ የጌም ማጫወቻ ማሽኖች የሆኑት የፕሌይስቴሽን ኮንሶሎች ዋና ነዳፊ ማርክ ሰርኒ ከቺፕ አምራቹ ኤኤምዲ ኃላፊ ጃክ ሁዊን ጋር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ቀርበው ሦስት አዳዲስ የግራፊክስ ቴክኖሎጂዎችን ካስተዋወቁና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚወጣ ኮንሶል ላይ ሊያውሏቸው እንደሚጓጉ ከተናገሩ ወዲህ፣ ስለ መጪው ፕሌይስቴሽን የሚነገረው ሁሉ ስለ ብርሃን ጨረር ስሌት፣ ስለ ሜሞሪ እና ስለ ምስል ጥራት ሆኗል። መሐንዲስ ስለ ሙያው ቢናገር የአባት ነው፤ በእሱ ቅር አላለኝም። ያስቆጣኝ ከዚያ በኋላ የተከተለው ነው። እኔን የመሰሉ አፍቃሪዎች «ይህን ሁሉ ጉልበት የተሸከመ ማሽን የፕሌይስቴሽን 3 ጌሞችን ያጫውታል ወይ?» ብለን በጠየቅን ቁጥር፣ ለኩባንያው ጥብቅና የቆሙ ሰዎች «አሮጌ ጌም ማን ይጫወታል? አዲስ ኮንሶል ለአዲስ ጌም ነው» እያሉ አፋችንን ሊያስይዙን ይሞክራሉ።

ይህ መልስ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሶኒ የጌም ክፍል ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ጂም ራያን ለታይም መጽሔት በሰጡት ቃል፣ የቀድሞ ኮንሶሎችን ጌሞች በአዲሱ ላይ ማጫወት ብዙ ሰው የሚጠይቀው፣ ነገር ግን ጥቂት ሰው የሚጠቀምበት ነገር መሆኑን ተናግረዋል። ግራን ቱሪዝሞ ለተባለው የመኪና ውድድር ጌም በተዘጋጀ አንድ ዝግጅት ላይ የየዘመኑን ጌሞች ጎን ለጎን ሲያዩም የፕሌይስቴሽን 1 እና የፕሌይስቴሽን 2 ጌሞች ጥንታዊ ሆነው እንደታዩዋቸው፣ እነዚህንስ ማን ይጫወታቸዋል ብለው እንዳሰቡ አክለዋል። ዛሬ የምንሰማው ክርክር ሁሉ ከዚህ ንግግር የተቀዳ ነው፤ ንግግሩ ደግሞ ገና ከሥሩ በስብሷል።

ጥቂት ሰው ነው የሚጠቀምበት ተባለ። ራያን ይህን ሲናገሩ ገበያ ላይ የነበረው ፕሌይስቴሽን 4 የፕሌይስቴሽን 1ንም፣ የ2ንም፣ የ3ንም የጌም ዲስክ አያጫውትም ነበር። በሩን ቆልፎ ሲያበቃ እንግዳ አልመጣም ብሎ የሚያማርር ሰው ማንን ሊወቅስ ይችላል? ጥንታዊ ይመስላሉም ተባለ። ጌም ግን ከሩቅ ቆመው አይተው የሚፈርዱበት ነገር አይደለም። መቆጣጠሪያውን ጨብጦ፣ ተሸንፎ፣ እንደገና ጀምሮ፣ ጣት ራሱ መንገዱን እስኪለምድ ድረስ ተጫውቶ ነው የሚፈረድበት። የመኪና ውድድር ጌም ደግሞ ዋና ሥራው እውነተኛውን መኪና መምሰል ስለሆነ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ በመልኩ ያረጃል፤ በእሱ ሚዛን የቀሩትን ሁሉ መዝኖ ቀለላችሁ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ኩባንያው ራሱ እንኳ በዚህ ቃል አልጸናም። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 የፕሌይስቴሽን 3 እና በእጅ የሚያዙት የፒኤስፒ እና የቪታ ኮንሶሎች የኦንላይን መደብሮች እንደሚዘጉ አስታውቆ፣ ተጫዋቾች ስለጮኹ በወሩ ውሳኔውን አጥፏል፤ የፕሌይስቴሽን 3 እና የቪታ መደብሮች ክፍት እንደሚቆዩ የገለጹትና ውሳኔያችን ስሕተት ነበር ብለው የጻፉትም እኚሁ ጂም ራያን ናቸው። ማንም የማይጫወታቸው ጌሞች መደብር ሊዘጋ ሲል ያ ሁሉ ሰው የጮኸው ስለ ምን ነበር? በቀጣዩ ዓመት ሶኒ ከፍ ያለ የደንበኝነት ደረጃ ሲያወጣ ለገዢ ካቀረባቸው ማባበያዎች ውስጥ እነዚያው ጥንታዊ የተባሉት የፕሌይስቴሽን 1 እና 2 ጌሞች ይገኙበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ለገበያ ሲቀርብ ጉልበቱን እንዲያሳይ ከፊት የተሰለፈው ጌም ዲመንስ ሶልስ ነበር። ዲመንስ ሶልስ በ2009 ለፕሌይስቴሽን 3 ወጥቶ የነበረ፣ በብሉፖይንት ስቱዲዮ እንደ አዲስ የተሠራ ጌም ነው። የመጀመሪያውን ጌም ሶኒ ለምዕራቡ ዓለም አይሆንም ብሎ ስለተወው በሰሜን አሜሪካ ያሳተመው አትለስ፣ በአውሮፓ ያሳተመው ናምኮ ባንዳይ ነበር። አንድ ጊዜ የራሱን ዕንቁ ዋጋ ሳያውቅ የጣለ ኩባንያ፣ የትኛው ጌም ተጫዋች እንዳለውና የትኛው እንደሌለው ሲነግረን ዝም ብለን የምንቀበልበት ምክንያት የለንም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የፕሌይስቴሽን 3 ነገር ነው። ይህ ኮንሶል እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ከእሱ በፊት የነበሩት የሁለቱ ኮንሶሎች ጌሞች ቢያንስ በከፊል በኢሙሌተር፣ ማለትም የአንድን ማሽን ሥራ በሌላ ማሽን ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ አማካይነት እንደገና እየተሸጡ ናቸው፤ ከእሱ በኋላ የመጣው የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ከጥቂቶች በስተቀር በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይሠራሉ። እሱ ብቻ መሐል ቤት ቀርቷል። ምክንያቱ ሴል የተባለው፣ ሶኒ፣ ቶሺባ እና አይቢኤም በጋራ የሠሩት ፕሮሰሰር ነው። ሴል አንድ ዋና ኮር፣ ማለትም የስሌት ክፍል፣ እና ስምንት ረዳት ኮሮች ነበሩት፤ በኮንሶሉ ላይ ከስምንቱ ሰባቱ ይሠሩ ነበር፤ ከሰባቱም ለጌሞች የተፈቀዱት ስድስት ነበሩ። እያንዳንዱ ረዳት ኮር በቀጥታ ሊደርስበት የሚችለው 256 ኪሎባይት የምትሆን የራሱን ጠባብ ሜሞሪ ብቻ በመሆኑ፣ ፕሮግራመሮች ሥራውን በትንንሹ ቆራርጠው፣ መረጃውን ራሳቸው እያመላለሱ ለየኮሩ ማከፋፈል ነበረባቸው። በዚህ ልፋት ምክንያት የዚያ ዘመን ምርጥ ጌሞች ከሴል ጋር እንደ ድርና ማግ ተሸምነው ቀሩ። ሶኒ ከ2013 ጀምሮ የተራ ኮምፒውተሮችን ዓይነት ፕሮሰሰር መጠቀም ሲጀምር፣ ጨርቁ ከነሸማኔው ዕቃ ወደ ጓዳ ገባ።

ሥራው ከባድ መሆኑን አልክድም፤ የምክደው አይቻልም መባሉን ነው። የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360 ፕሮሰሰርም ተተኪው ኤክስቦክስ ዋን ከተጠቀመበት ፈጽሞ የተለየ ዓይነት ነበር። ሆኖም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 የ360 ጌሞችን በአዲሱ ኮንሶል ላይ ማጫወት ጀመረ፤ በ2017 የመጀመሪያውን ኤክስቦክስ ጌሞች ጨመረ፤ የመጨረሻውን ዙር በ2021 ሲያወጣ ቁጥራቸው ከ600 አልፎ ነበር። ጌሙ በዲስክ ያለው ሰው ዲስኩን ከቶ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጫወት ነበር፤ አንዳንዶቹም በወጡበት ዘመን ከነበራቸው በጠራ ምስልና በፈጠነ ፍሬም፣ ማለትም በሰከንድ ብዙ ምስል እያሳዩ፣ ይሠራሉ። ሴል ከዚያኛው ይልቅ የተወሳሰበ ነው የሚል ካለ፣ አርፒሲኤስ3 የተባለውን ኢሙሌተር ይመልከት። በጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያለ ኩባንያው ድጋፍ እየፈቱ እየገጠሙ ሠርተውት፣ ዛሬ ከፕሌይስቴሽን 3 ጌሞች ከግማሽ እጅግ የሚበልጡትን ከመነሻ እስከ ፍጻሜ በኮምፒውተር ላይ ያጫውታል። በጎ ፈቃደኞች የከፈቱትን ቁልፍ፣ ቁልፉን የቀረጸው ኩባንያ መክፈት አልችልም ቢል ማን ያምነዋል? የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ ፈቃድ ነው።

«በክላውድ አለላችሁ» ይሉናል። ለፕሌይስቴሽን 3 የተተወልን መንገድ በርግጥ ይህ ነው፦ ጌሙ ርቆ በሚገኝ ሰርቨር ላይ ይሠራል፣ ምስሉ በኢንተርኔት ይላክልናል። የተጫንነው ቁልፍ ሄዶ፣ ምስሉ ተጨምቆ እስኪመለስ የሚባክነው ቅጽበት በተኩስና በፍልሚያ ጌም ውስጥ ሞት ማለት ነው። የክላውድ አገልግሎቱ ባልደረሰባቸው አገሮች ደግሞ ሶኒ ዴሉክስ የሚል ደረጃ ይሸጣል፤ እዚያ ውስጥ የፕሌይስቴሽን 3 ጌሞች የሉም። ስለዚህ ብዙው የዓለም ክፍል እነዚህን ጌሞች በደካማ መልካቸው እንኳ አያገኛቸውም። ያገኛቸውም ሰው ክፍያው በቆመ ማግሥት ባዶ እጁን ነው። የቪድዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶዎቹ ዛሬ በገበያ እንደማይገኙ አመልክቷል። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ጊዜ ያዘንኩት ለሙዚየም አልነበረም፤ ገና ተጫውቼ ላልጠገብኳቸው ጌሞች ነበር።

ታዲያ በመጪው ኮንሶል ላይ ምን ማየት ትፈልጋለህ ብባል፣ ቀድሞ ከአፌ የሚወጣው የፕሌይስቴሽን 3 እንኳ ያልሆነ አንድ ስም ነው፦ ብለድቦርን። ፍሮምሶፍትዌር በሂደታካ ሚያዛኪ መሪነት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2015 ለፕሌይስቴሽን 4 የወጣው ይህ ጌም በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይከፈታል፤ ነገር ግን ዛሬም በሰከንድ ከ30 ፍሬም አያልፍም፣ ያም ይንገጫገጫል። ለሌሎች የ2015 ጌሞች ይህ ትንሽ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ብለድቦርን ግን ጋሻን ጥሎ ወደ ፊት መግፋትን የሚያስተምር ጌም ነው፦ የተመታ ተጫዋች ሳያመነታ መልሶ ከመታ ያጣውን ሕይወት ያስመልሳል፤ ካመነታ ያጣዋል። ሙሉ ውበቱ የተንጠለጠለው በዚያች ቅጽበት ላይ ነው፤ ቅጽበቷን በግማሽ ፍሬም ቆርሶ መስጠት ጌሙን ራሱን ቆርሶ መስጠት ነው። አንድ አፍቃሪ ወደ 60 ፍሬም የሚያሳድግ ማስተካከያ ሠርቶ ለሌሎች አጋርቶ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ሶኒ በሕግ ጠይቆ እንዲነሣ አደረገ። እሺ፣ መብቱ ነው። መብቱን ካስከበረ በኋላ ግን የራሱን ማስተካከያ አላወጣም። የሶኒ ስቱዲዮዎችን ለረጅም ጊዜ የመሩት ሹሄይ ዮሺዳ ከኩባንያው ከለቀቁ በኋላ፣ ሚያዛኪ ጌሙን ስለሚወዱት ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉ ይሆናል የሚል የግል ግምታቸውን ሰጥተዋል። የፈጣሪን ፍቅር አከብራለሁ፤ ነገር ግን ማንም አዲስ ጭራቅ ጨምሩ፣ የያርናምን ከተማ ቀለም ቀይሩ አላለም። የቆሸሸ መስተዋት ይወልወልልን ነው ያልነው።

ከዚያ ቀጥሎ በፕሌይስቴሽን 3 ላይ የታሰሩት ጌሞች ይመጣሉ። ሜታል ጊር ሶሊድ 4 እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ ከ15 ዓመት በላይ ከፕሌይስቴሽን 3 ሳይወጣ መኖሩ፣ የዚያን ታላቅ ታሪክ መዝጊያ ለአንድ ትውልድ ተጫዋቾች በወሬ የሚታወቅ ነገር አድርጎታል። ኢንፌመስ እና ኢንፌመስ 2ን፣ ኮል ማክግራዝ ኤሌክትሪክ ከእጁ እየረጨ በባቡር ሐዲድ ላይ ሲንሸራተት የተሰማኝን ነጻነት፣ እስከ ዛሬ በሌላ ጌም አላገኘሁትም። ሪዚስታንስ ከ2006 እስከ 2011 በሦስት ጌሞች ያመጣቸው መሣሪያዎች፣ በተለይ ግድግዳ አልፎ የሚመታው፣ ዛሬ የሚወጡትን አንድ ዓይነት የተኩስ ጌሞች ያሳፍራሉ። ሰው በጠፋበት ቶኪዮ ውስጥ በትንሽ ውሻ መኖርን የሚያስመርጠው ቶኪዮ ጀንግል፣ መቆጣጠሪያውን ወዝውዞ ነፍስ በማውጣት የሚጫወቱት ፎክሎርም አሉ። ፎክሎር የሚፈልገው የእንቅስቃሴ መለኪያ በፕሌይስቴሽን 5 መቆጣጠሪያ ውስጥ አለ፤ እጁ ተዘጋጅቶ ጌሙ ነው የጠፋው። የ2013ቱ ፓፔቲርስ? በቴአትር መድረክ ላይ መቀስ ይዞ የሚዋጋ፣ ጭንቅላቱን የተነጠቀ ልጅ ታሪክ ነው፤ የሠራው ጃፓን ስቱዲዮ በ2021 ተበትኗል፤ ጌሙም በዲስክ ዛሬ የሚሠራው በዚያው በአሮጌው ኮንሶል ላይ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚሉም አሉ። ሶኒ በ2022 ቀጣይነት ያላቸው 12 የኦንላይን ጌሞችን አወጣለሁ ብሎ፣ በቀጣዩ ዓመት ዕቅዱን በግማሽ ቀነሰ። ከወጡት አንዱ ኮንኮርድ እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 2024 ተከፍቶ ሴፕቴምበር 6 ቀን ተዘጋ፤ ብዙም ሳይቆይ ስቱዲዮው ጭምር ተዘጋ። በሁለት ሳምንት የሞተ ጌም ላይ ከፈሰሰው ጉልበት ጥቂቱ ብቻ ለአንድ የኢሙሌተር ቡድን ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረ ነበር ብዬ በሙሉ ልብ አምናለሁ።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። የፕሌይስቴሽን 3 ጌሞች የታተሙት በብሉሬይ ዲስክ ነው፤ የፕሌይስቴሽን 5 የዲስክ ማጫወቻም ብሉሬይ ያነብባል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ግን ያለ ዲስክ ማጫወቻ ተሽጧል፤ የፈለገ ለብቻው ገዝቶ እንዲገጥም ተደርጓል። መጪው ኮንሶል ይህን መክተቻ ጨርሶ የሚያስቀር ከሆነ፣ በመደርደሪያ ላይ ያሉት እነዚያ ዲስኮች ኢሙሌተሩ ቢሠራላቸው እንኳ የሚገቡበት ቀዳዳ አይኖራቸውም። ስለዚህ ሰርኒ በሚቀጥለው ጊዜ ሲቀርቡ ስለ ጨረር ከመናገራቸው በፊት መክተቻው መኖሩንና የ2006 ዲስክ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ይንገሩን።