ያልገባንበት መግቢያ

የብሔራዊ ፓርኮች፣ የእኛው የወሎው ቦረና ሳይንትም ጭምር፣ መግቢያ ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ደሴ ከአቦሉ ቀድሞ ደረሰ። ቶናው ሲቀዳ ሁላችንም ተቃዋሚ ሆነን ነበር።

«ቦረና ሳይንት የአያት ቅድመ አያታችን ደን ነው! በገዛ አገራችን ልንከፍል?» አለ ጎረቤቴ፣ ጉልበቱን በጥፊ እየመታ።

«ገብተህ ታውቃለህ?» አለችው ቡና የምታፈላው እታለም።

«አላውቅም። አሁንማ ወላሂ ጭራሽ አልገባም!»

እንዲህ ያለው ተቃዋሚ በከተማችን ሞልቷል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ እንደሌለ፣ እዚህም ያለው ከ500 እንደማይበልጥ ስንሰማ ደረታችን ይነፋል። ሄዶ ማየቱ ላይ ነው ችግሩ። ቀበሮዋ ራሷ ፒያሳ ድረስ ብትመጣልን ደስታችን ነው።

ይኸው ጎረቤቴ ልጁ የተመረቀ ቀን ፎቶ ለመነሳት ሆቴል ግቢ ከፍሎ ገብቷል። ግቢው ሁለት ጽጌረዳና ውሃ የማይወጣው ፏፏቴ አለው። ያኔ ስለ አያት ቅድመ አያት አላነሳም። ዛሬ ከጎኑ ያስቀመጠውን ጫት ስንት ገዛኸው ስንለው ደግሞ «እሱ ሌላ ነው» አለ።

ጡረታ የወጡት መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሜሪካኖችም ተቃውመዋል እኮ። በ2017 እ.ኤ.አ. መንግሥታቸው በ17 ፓርኮች፣ ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት፣ የአንድ መኪና መግቢያ 70 ዶላር ይሁን ብሎ ነበር። ከ100 ሺህ በላይ አስተያየት ጎረፈበት። በፓርኮቹ አካባቢ የሚነግዱት ሳይቀሩ እንግዳ ይቀርብናል ብለው ጮኹ። በማግስቱ ዓመት ሐሳቡን ተወና በአብዛኛው 5 ዶላር ብቻ ጨመረ።»

«አያችሁ!» አለ ጎረቤቴ።

«እነሱ ግን ይገባሉ» አሉት መምህሩ።

ይሄኔ ጥግ ይዘው የተቀመጡት አባት ሳቁ። የእታለም ዘመድ ናቸው፤ ለጉዳይ ከቦረና የመጡ። እርሻቸው ከፓርኩ ጋር ይዋሰናል። ከሁላችን ፓርኩን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እስካሁን የጠየቃቸውም የለም።

«እናንተ የምትጣሉት ለመግባት ነው ልጆቼ» አሉ። «የእኔ ጣጣ ማስወጣት ነው። ጭላዳው መንጋውን አስከትሎ ገብሴ ላይ ይሰፍራል። ቁርሱን ይበላል፣ ምሳውን ይበላል፣ ሲመሽ ወደ ገደሉ ይወርዳል። እንዳልመታው እንስሳው የመንግሥት ነው። የእኔ ላም ወዲያ ማዶ ሳር ቀምሳ ከተገኘች ግን ጉድ ይፈላል።»

እኔ በበኩሌ ከጭማሪው ጥቂቱ እኒህ ሰው ደጅ የሚደርስ ከሆነ ልክፈል ባይ ነኝ። መቼ እንደምሄድ አትጠይቁኝ እንጂ።

«ታዲያ አባባ፣ ጭማሪውን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» አላቸው ጎረቤቴ፣ ድምፅ እንደሚቆጥር ሰው።

ሽማግሌው በረካውን ፉት አሉ። «ማስከፈሉን ከጭላዳው ከጀመሩ እደግፋለሁ።»