ክብር ለ384ቱ በጎች

ሰሜን ሸዋ በብርዷ ትታማለች፣ በነፋሷ ትታማለች፣ በአረቄዋም ትታማለች። በሳይንሳዊ ምርምር ግን የሚያማት ቢኖር ምቀኛ ብቻ ነው። የመንዝ በግ ጸጉሩ ባና ይሆናል፣ ሥጋው ጥብስ ይሆናል፣ በጠጡ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል። እንደ እኛ በግ ከኋላው በኩል በጥልቀት የተጠና ፍጡር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዛሬ የማመሰግነው አንድ ቁጥር ነው፤ 384። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ስንት በግ መመርመር እንዳለበት የሚወስንበት ቀመር አለው። 1.96 በራሱ ይባዛል፣ በሚገመተው የበሽታው ስርጭትና ከበሽታው ነጻ በሆነው ድርሻ ይባዛል፣ ከዚያ 0.05 በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ይካፈላል። ስለ አካባቢው ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ከሌለ ስርጭቱ 50 በመቶ ነው ተብሎ ይያዛል፤ መልሱም 384 ይወጣል። ቀመሩ ጥፋት የለበትም። ምንም ሳያውቅ ለሚጀምር ሰው የተሠራ ታማኝ መሣሪያ ነው። ጥበቡ የእኛ ነው፤ ሁልጊዜ ምንም ሳናውቅ መጀመር እንችልበታለን።

ለምሳሌ የጉበት ትልን እንውሰድ። በአንዱ ወረዳ የተቆጠረ ትል ለጎረቤት ወረዳ ምስክር አይሆንም። የሁለቱ ወረዳ በጎች አንድ ጨፌ ላይ ይግጣሉ፣ ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ፣ አንድ ገበያ ላይ ይሸጣሉ፤ ትሉ ግን የአስተዳደር ወሰን ያከብራል ተብሎ ስለሚታመን እያንዳንዱ ጽሑፍ «በዚህ ወረዳ ከዚህ በፊት በቂ ጥናት አልተደረገም» ብሎ ይከፈታል። ቀጥሎ 50 በመቶ፣ ቀጥሎ 384። ቀበሌዎቹ ገና ስላልተነኩ ሥራ እናጣለን ብሎ የሚሰጋ የለም።

ቀመሩ በጎቹ በዕጣ እንዲመረጡ ይፈልጋል። በዕጣ ይመረጣሉ። ዕጣው ሁልጊዜ አስፋልት ዳር ለሚግጥ በግ መውጣቱ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ሰው ምን ያደርጋል? ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ የሚታጠፈው መንገድ የመኪና ጎማ ይበላል፣ የውሎ አበል ያስረዝማል፣ ናሙናውንም ያንገላታል። ስለዚህ መንዝን የሚወክለው በግ ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ በእግሩ የመጣው ነው። የመምጣት አቅም ያላነሰው በግ ጤነኛ ሊሆን ይችላል የሚል ጨዋነት የጎደለው ጥያቄ ጽሑፉ በሚቀርብበት ቀን ተነሥቶ አያውቅም።

ግኝቶቹ ደግሞ አንጀት ያርሳሉ። በጠጡ በውኃ ይበጠበጣል፣ ይጠለላል፣ እንዲረጋ ይተዋል፤ የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ ከሥር ይዘቅጣል፣ ዝቃጩም በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የከሳ በግ ከወፈረው ይልቅ ትል እንዳለበት ይረጋገጣል፤ «ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ጉልህ ነው» ይባላል። ትሉ ስላለበት ከሳ ወይስ ስለከሳ ትሉ በረታበት የሚለው ለቀጣዩ ተማሪ በአደራ ይቀመጣል። በወንድና በሴት በግ መካከል ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ይህን ሳያውቁ ያለፉ እረኞችን ነፍስ ይማር።

በጎቹ ባለቤት እንዳላቸው የሚታወሰው በምስጋናው ገጽ ላይ ነው። ባለቤቲቱ በጓን ይዛ ትቆማለች፤ ተማሪው ጓንቱን አጥልቆ ናሙናውን ወስዶ በረዶ ወዳለበት ሣጥን ይከታል።

«ዶክተር፣ ልጄ፣ ምን ተገኘባት?»

«ውጤቱ ሲታተም ይታወቃል፣ እማማ።»

«የት ነው የሚታተመው?»

«ውጭ አገር፣ በመጽሔት።»

«እሷ እስከዚያ ትቆያለች?»

ይህ ጥያቄ ከጥናቱ ዓላማዎች ውስጥ አልተካተተም። ለእማማ የሚበቃት አጭር ወሬ ነበር፤ ትሉ ረግረግ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ሰውነት አድጎ ይወጣና ሣር ላይ ተጣብቆ በግ ይጠብቃል፤ ገበያ የምትገዛው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፣ ጉበት እየበሳ ያለውን ጫጩቱን ግን ይተወዋል፤ ጫጩቱንም የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል የሚባለው ነው። ይህን ተማሪው አሳምሮ ያውቃል። በምዕራፍ ሁለት ከነማጣቀሻው ጽፎታል፤ በእንግሊዝኛ።

አዙሪትን እንይ። በጓ ራሷን አዘንብላ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትወድቃለች። አንጎሏ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ኪስ አለ፤ የኮሶ ትል ዘመድ ነው፤ አዋቂው ትል የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ውሻው ሣር ላይ ይጸዳዳል፣ በጓ እንቁላሉን ከሣሩ ጋር ትበላለች፣ ስትታረድ ጭንቅላቷ ለውሻ ይጣላል፣ ትሉም ቤቱ ይገባል። ሰንሰለቱን ለመበጠስ ጭንቅላቱን ቀብሮ ለውሻው የትል መድኃኒት መስጠት ይበቃል። ታዲያ መስቀል መስከረም 17 ነው፤ ይታረዳል፣ ይጣላል። በማግሥቱ ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ይውላል። ያን ቀን ቲሸርትና ኮፍያ ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፤ የበሽታውን ስርጭት ለመግታት ከውሾች 70 በመቶው መከተብ እንዳለበት ይወሳል። ውሾቹ በስብሰባው አይገኙም፤ የትናንቱን ጭንቅላት እየበሉ ነው።

ከእነዚህ ውሾች አንዳንዱ መንጋ ተከትሎ የመንዝ ጥብቅ የሣር ምድር ወደሆነው ጓሳ ይወጣል። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ ተበታትነው ያሉ ናቸው። በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ተሻግሮ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ጭላዳዎቹም ከሚግጡት ሣር የሌላ የውሻ ትል ኪስ ያበቅላሉ፤ ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት ኪሱ ያለባት እናት ልጆች ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። ይህን ግኝት እኔ ያነበብኩት ባሕር ተሻግሮ ከታተመበት ነው። ከጓሳ ሥር ያለው የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሮ ነበር፤ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚታጨድ ሕጉን የማያውቅ ጎረምሳ አልነበረም። ኋላ ቀርነት ነው። ሕጉ በመጽሔት አልወጣም፣ ማጠቃለያም አልነበረውም፣ ሰው ሁሉ ግን ያውቀው ነበር።

ባቄላው ላይ ስለወረደው ቆርምድ ስለሚባል በሽታ ብዙ አልልም፤ ማሳው አጠገብ የቆመ ሰው ከእኔ የተሻለ ያለቅስበታል። መንስኤው ኦልፒዲየም የሚባል ፈንገስ ነው ሲባል ቆይቶ፣ በቅርብ ዓመታት በዘረመል የመረመሩ ሰዎች ፊዞደርማ ነው ብለዋል። ለፈንገሱ ስም መገኘቱ ለባቄላው መጽናኛ ይሁነው።

ይህ ሁሉ እውቀት ለሕዝብ አይደርስም የሚሉ ሐሜተኞች የውጤት ማሳወቂያ አውደ ጥናት ተካፍለው አያውቁም። ደብረ ብርሃን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ባነር ይሰቀላል። የክብር እንግዳው ዘግይተው ገብተው ቀድመው ይወጣሉ። አጥኚው አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶት ሃምሳ ስላይድ ያሳልፋል። ገበሬን የሚወክል አንድ አባት ከፊት ወንበር ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ፤ ቋንቋው ስለማይገባቸው በእረፍት ሰዓት ቡናና ቆሎው ይተረጉምላቸዋል። ከዚያ ምሳ ይቀርባል። በጉና ጥናቱ ፊት ለፊት የሚገናኙት በዚህ ሰዓት ነው፤ በጉ ጥብስ ሆኖ፣ ጥናቱ በፎልደር ታቅፎ። ምክረ ሐሳቡ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይሰጥ፣ ተጨማሪ ጥናትም ይካሄድ» የሚል ነው። ግንዛቤውን ማን ይስጥ? አጥኚው የግብርና ኤክስቴንሽን ነው ይላል፤ ኤክስቴንሽኑ ምርምሩ ይላክልን ይላል፤ ሁለቱም ምሳቸውን በልተው በሰላም ይለያያሉ።

ከዚህ መልካም ሥርዓት ያፈነገጡ መኖራቸውን ግን አልደብቅም። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መንዝ ውስጥ ገበሬዎችን ሰብስበው የዘር አውራ በግን አብረው መምረጥ የጀመሩ ተመራማሪዎች አሉ። በግ መዝነው አይሄዱም፤ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ውጤቱን ይናገራሉ፣ ባለቤቱም ከአውራዎቹ የትኛው ይሻላል ብሎ አብሯቸው ይከራከራል። እንዲህ ያለው ልማድ ከተስፋፋ ገበሬው ነገ ስለ ጉበት ትሉም መጠየቅ ሊጀምር ነው።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት የተፈጸመው በከብት ደስታ በሽታ ላይ ነው። በሽታው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ የአገሩን በሬ ከአሥሩ ዘጠኙን ፈጀ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ተከተለ፣ ምኒልክም በእጃቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራና ከእኛ ተራራ ቁልቁል በሚታየው በአፋር ቆላ ለራሳቸው ለአርብቶ አደሮቹ ተሰጠ፤ ከመካከላቸው የሠለጠኑት የራሳቸውንና የጎረቤታቸውን ከብት ከተቡ። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ይኸው ዛሬ በደስታ በሽታ ላይ 384 ከብት መርምሮ መመረቅ የሚችል አንድም ተማሪ የለም።