ከድሉ ሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ወራሪ

ባለፈው ሚያዝያ 27 ጠዋት ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ የተሳፈርኩበት ታክሲ መንገድ ተዘግቶበት ቀበና ላይ ቆመ፤ እኔም «በዛሬው ዕለት ምን ሆነ» የሚለውን የሬዲዮ ዝግጅት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመስማት በቃሁ። ዓይነቱን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ በየሬዲዮው፣ በየቴሌግራም ቻናሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ሳይቀር ማለዳ ማለዳ ከቁርስ በፊት ይቀርብልናል። በዚያች አጭር ጊዜ ካርል ማርክስ ተወለደ፣ ናፖሊዮን ሞተ፣ አሜሪካዊው አለን ሼፐርድ ጠፈር ደርሶ ተመለሰ፣ እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ አዴል ተወለደች፣ ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ተመለሱ። መሐል ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ነበረ።

ለእንዲህ ያለ ትጋት ምስጋና መንፈግ ነውር ነው። የታሪክ ተማሪ መንስኤና ውጤት እያለ ዕድሜውን የሚፈጅበትን ነገር እነዚህ ባለሙያዎች የሎተሪ ዕጣ እንደሚያነብ ሰው በአንድ ትንፋሽ አንብበው ይገላገሉታል። ማን ከማን በፊት መጣ፣ ማን በማን ምክንያት ሞተ የሚለው ጣጣ ቀርቶልናል።

የሬዲዮ አቅራቢያችን ትልቁ ግኝት ግን የተገለጠው በዓመተ ምሕረቱ ላይ ነው። «ጣሊያን በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ግርማዊነታቸው በ1933 ዓ.ም. በድል ተመለሱ» ሲል ድምፁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። ክፉ አሳቢ ሰው አንዱን ከፈረንጅ ድረ ገጽ፣ ሌላውን ከግድግዳ ካሌንደር ቀድቶ ነው ይል ይሆናል፤ እኔ ግን እንደ ወረደ ተቀበልኩት። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 በእንጦጦ በኩል ወርደው በእልልታ ገቡ፤ ከየት እንደ ተመለሱ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ ገና አልሄዱማ። አርበኞቹም መልኩን አይተውት የማያውቁትን ጠላት ድል ነሥተው ጎፈሬያቸውን እያበጠሩ ሦስት ዓመት ተቀመጡ። በ1936 የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከነጦሩ ሲደርስ በዓሉ ሦስት ጊዜ ተከብሮ አልፏል። ለመሆኑ ባዶሊዮ ያን ጊዜ ምን ሊሠራ መጣ? በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1936 ላይ ሰውየው የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፤ ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ከሥልጣን ወርዷል፣ ጣሊያንም እጅ ሰጥታ በጀርመን ላይ ጦርነት አውጃለች። ስለዚህ አዲስ አበባን የወረረው ጣሊያን መሸነፉን ተቀብሎ፣ ከድል አድራጊዎቹ ጎን ተሰልፎ፣ ምናልባትም ስለ መዘግየቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንግዳውን ሳይጠብቁ በጅቡቲ ባቡር ተሳፍረው ጄኔቭ ወረዱና «ያሸነፍኩት ጠላት አሁን ገና መጣብኝ» ብለው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። የአምስቱ ዓመት ተጋድሎም በአቅራቢያችን ሒሳብ ከዜሮ በታች ሦስት ዓመት ሆነ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁመው። ሰውየው ሁለቱን ሚያዝያ 27 አከታትሎ ካነበበ በኋላ ሳቅ ብሎ «የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው!» አለ። ግጥምጥሞሽ አይደለም! አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ፣ እንግሊዞችም ቢያዘገዩዋቸው፣ ከ29 ቀን በኋላ የገቡት ጠላት በሚያዝያ 27 ቀን 1928 በገባበት ዕለት፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት እንዲሆን ታስቦበት ነው። ያቺ ዕለት በመርዝ ጋዝ በተቃጠለና በየካቲት 12 በየደጁ በታረደ ሕዝብ ደም የተገዛች ናት እንጂ ከዘፋኝ ልደትና ከሳሙና መሐል የምትወተፍ የማለዳ ማሟሟቂያ አይደለችም። ሬዲዮው ይህን ሲያወራ፣ መንገዱ በተዘጋበት አደባባይ፣ በድል ሐውልቱ ሥር፣ የአባቶቻቸውን ኒሻን ያንጠለጠሉ ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ማርክስና ናፖሊዮንም ቢሆኑ በአቅራቢያችን ቸርነት ነው ሚያዝያ 27 ላይ የተገኙት። ሜይ 5 ዛሬ ሚያዝያ 27 ላይ ቢውልም፣ ፈረንጆቹ በራሳቸው 1900 ፌብሩዋሪን በ28 ዘግተው እኛ ግን የራሳችንን ሠግር ዓመት፣ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን፣ ጠብቀን ስላለፍን፣ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1 ሆኖ ሳለ ዛሬ በዓሉ ማርች 2 ላይ የሚውለውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ማርክስ የተወለደው ሚያዝያ 28 ቀን 1810፣ ናፖሊዮንም የሞተው ሚያዝያ 28 ቀን 1813 ነው።

በማግሥቱ፣ ማርክስ በእውነተኛ ልደቱ ዕለት ይነሣ እንደሆነ ብዬ ሬዲዮኑን ከፈትኩ። የተወለደው ፍሮይድ ነበር፤ በ1856 ዓ.ም.።